ከመንጌ እስከ አሶሳ በቁራኛ

በቅሎዬ መንጌ ገበያ ላይ ጠፋችብኝና ሙሳ የሚባል ወርቅ አጥቦ የሚያድር የአገሩን ሰው ያዝኩ። ማስረጃዬ መጨረሻ ባየኋት ጊዜ አጠገቧ ቆሞ መገኘቱ ብቻ ነበር። እንደ ዘመኑ ሥርዓት ቁራኛ ሆንን፤ የኩታዬ ጫፍ ከጀለቢያው ጫፍ ጋር ተቋጠረና ሁለታችን አሶሳ ዳኛው ዘንድ ለመቅረብ በእግር ተነሣን።

ሙሳ አማርኛ የለመደው ከነጋዴ ነው። መንገድ ላይ፣ «ጌታው፣ ሰው ሁሉ እኔን ወንጀለኛ ይላል። ወንጀለኛ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለከሳሽ አያምርም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «ድሮ ወንጀል ማለት ገመድ ነበር» አልኩት። «ወንጀለኛ ከኋላ የሚጎተተው ነው። ንጹሕ ሰው ከፊት ይሄዳል።»

«ወላሂ፣ ጥሩ ነገር አወቅሁ» አለ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እግሬን እሾህ ወጋኝ። መንገዱንም የሚያውቀው እሱ ነው። አሶሳ ስንገባ ሙሳ ከፊት፣ እኔ እያነከስኩ በኩታዬ እየተጎተትኩ ከኋላ ነበርን።

ዳኛው አዩንና፣ «ወንጀለኛው የትኛው ነው?» አሉ።

ሙሳ ውሸት አይወድም። እንዳስተማርኩት ወደ እኔ ጠቆመ።

«ኧረ ከሳሹ እኔ ነኝ!» አልኩ።

«ተጎትቶ የመጣ ሁሉ እንዲህ ይላል» አሉ ዳኛው። «ዋስ ጥራ፤ አለዚያ በእግር ብረት ትታሰራለህ።»

አሶሳ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። መሬት መሬት ሳይ ሙሳ እጁን አነሣ።

«እኔ ዋስ ነኝ፣ ጌታው» አለ። «ይሄ ሰው እንዲህ እያነከሰ የት ይጠፋል?»