ቦራ የወደቀበት መጋቢት

ጋሽ ዘገዬ ሽንኩርት በምሸጥበት ጥላ ፊት ሳያልፉ አይውሉም። ባቱ ውስጥ በጋሪ ውሃ እያመላለሱ ልጆች አሳድገዋል። ልጆቹ ሁሉም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው ሄደዋል፤ የቀራቸው ቦራ የሚሉት ፈረስ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አያወሩም። ከቦራ ጋር ግን ሲያወሩ ይውላሉ፣ ያውም እየተሳደቡ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ፈረሱ በቀትር የሚያርፈው የመጋቢት መድኃኔዓለም ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሙቀት ሙቀት አይሉትም። አባታቸውም ጋሪ ነጂ ነበሩ፤ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ጋሽ ዘገዬ፣ ሬዲዮው ያለፈው ወር በዓለም ሁሉ ታይቶ የማይታወቅ ሙቀት ነበረው አለ እኮ! ከዚያ በፊት ያለውም ወር እንዲሁ ነበር። የካቲቱ ግንቦት ሆኖብናል፣ ያሳርፉት እንጂ!"

"አንቺ ሱሃይላ፣ ሬዲዮው ፈረስ አለው?" አሉኝ። እንግዲህ የራስዎ ጉዳይ ብዬ ተውኳቸው፤ በሆዴ ግን በግኛለሁ።

መጋቢት ገና ሳይጋመስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቦራ እፊቴ ተንገዳገደና ዘጭ አለ። ጋሪው ተንጋደደ፤ ውሃ የሞሉት ጄሪካኖች ተንከባለሉ። ጋሽ ዘገዬ ማሰሪያውን ፈትተው አንገቱን አቀፉት። ምላሱ ወጥቷል፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። አንዱን ጄሪካን ብድግ አድርጌ ሮጥኩ።

"እንዳታፈሺበት!" ብለው ጮሁ። "በጋለ ገላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ምች ይመታዋል፣ ይሞትብኛል!"

እዚህ ያለ ጋሪ ነጂ ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው። ከጋሪው መቀመጫ ላይ ያነጠፉትን ብርድ ልብስ አንስተው አለበሱት። በዚያ ሐሩር ብርድ ልብስ!

"ያ ረቢ! ፈረሱ ከነነፍሱ እየተቀቀለ እኮ ነው!" አልኩና ብርድ ልብሱን ገፍፌ ውሃውን ከአንገቱ እስከ ጎኑ ለቀቅኩበት። ጅራፋቸውን አነሱብኝ።

"ከሞተ በአንቺ ነው!"

"እሺ፣ በእኔ ይሁን!"

አልኩ እንጂ አውቀዋለሁ፤ ቢሞት ሰዉ ሁሉ ሱሃይላ ገደለችው ነው የሚለው። ሁለተኛውን ጄሪካን ደፋሁበት። ቦራ አልተነቃነቀም፤ ዓይኑ መገልበጥ ጀመረ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ ዘገዬ ዓይኑን አዩ። ጅራፉን ወረወሩና ሌላ ጄሪካን አንስተው ራሳቸው ሆዱ ላይ አፈሰሱበት። "ተነስ አንተ ሰነፍ! ተነስ ቦራዬ!" እያሉ ያለቅሳሉ። ለደንበኞቻቸው የጫኑትን ውሃ አንድም ሳያስቀሩ ደፉት። መጀመሪያ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ቆይቶ የፊት እግሮቹን ተከለ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተከለ። ቆመ።

መልሰው ጋሪው ላይ አልጠመዱትም። ከኋላ አሰሩትና እጀታውን ራሳቸው ይዘው ባዶውን ጋሪ መጎተት ጀመሩ። ባጃጅ ላይ የነበሩ ጎረምሶች "ጋሼ፣ ዛሬ ፈረሱ ማን ነው?" እያሉ ሳቁባቸው።

"ምን ያስገለፍጣችኋል፣ እናንተ ደረቆች!" ብዬ አምባረቅኩባቸውና ሽንኩርቴን ጥዬ ጋሪውን ከጎን እገፋ ጀመር። ጋሽ ዘገዬ እኔንም ጎረምሶቹንም አልሰሙም።

"ልገድልህ ነበር፣ ቦራዬ" ይላሉ፣ እየጎተቱ። "በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር።"