ለጦጣ ዋስ ፍለጋ ወደ ቡሬ

ባሕር ዳር፣ ማለዳ

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ስጠብቅ ሰንብቼ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ጡረተኛ ማስፈር ነው። ጡረተኛው ሻምበል ይባላል። ፊቱ ጥቁር፣ ጢሙ ነጭ፣ ጭራው ከቁመቱ የሚበልጥ ነው። ጦጣ ነው።

ሻምበል ወደ መለዋወጫ ሱቄ የመጣው በውርስ ነው ማለት ይቻላል። ጎረቤቴ የነበረ ነጋዴ ከተማ ሲቀይር ፍሪጁን ለአማቱ፣ ውሻውን ለዘበኛው፣ ጦጣውን ለእኔ ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሻምበል፣ በር ላይ በሰንሰለት ባስረውም፣ ሱቄ ውስጥ ያልበላው ነገር ቢኖር የመኪና ባትሪ ብቻ ነው፤ እሱንም የተወው ከብዶት ይመስለኛል። ዘንድሮ ግን አረጀና ጠባዩ ከፋ። ሁለት ሰው ነከሰ። አንደኛው ዋጋ ሲከራከረኝ የነበረ ደንበኛ ስለሆነ ብዙም አልተቀየምኩትም፤ ሁለተኛዋ ግን የጎረቤት ልጅ ነበረች። ቀበሌው እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስወገድከው እኛ እናስወግደዋለን አለኝ። ማስወገድ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጫካ እንዳልለቀው፣ በሰው እጅ ያደገ ጦጣ ከዱር መንጋ መሀል ቢገባ ቦጫጭቀው ይጥሉታል።

የቀረችኝ ተስፋ ትርንጎ ነበረች። ትርንጎ ፍኖተ ሰላም የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ አባቷ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ሰው እንደ ድመት በቤቱ አሳድጎ ሲሰለቸው የሚጥላቸው የዱር እንስሳት የሚጦሩበት መጠለያ በቡሬ ገጠር ልትሠራ ተነሥታለች። ከሆቴል በር የታሰሩ ጦጣዎች፣ ክንፋቸው የተቆረጠ በቀቀኖች፣ ከግቢ የተባረሩ ኤሊዎች፣ አንድ ባለሀብት ሶፋ ላይ ያሳደገው አነር ሳይቀር ተራ ይጠብቃሉ። የመንግሥትን ፈቃድ አግኝታለች፤ ለሻምበል ጉዞም ወረቀት አውጥታልኛለች። የቀራት የአገሬው ስምምነት ነው፤ እሑድ ይመከርበታል።

"ጋሼ፣ ሰዉ በዓይኑ ካላየ አያምነኝም። ሻምበልን ይዘውት ይምጡ" አለችኝ በስልክ።

ሕዝቡ እሺ ካለ ሻምበል እዚያው ይቀራል። እምቢ ካለ ይዤው እመለሳለሁ፤ ቀበሌውም እዚሁ ይጠብቀናል።

ከመራዊ እስከ እንጅባራ

ሻምበልን በሽቦ በተጋረደ ሣጥን ከአሮጌዋ ፒካፔ ጋቢና ከጎኔ አስቀመጥኩት። መራዊ ቁርስ አደረግን። የቆጋ መስኖ ያበቀለውን ድንች የበላ ሰው ሌላውን ድንች በስሙ መጥራት ይከብደዋል፤ አንዱ ፍሬ ብቻ መካከለኛ ሠርግ ይችላል። ሁለታችን ጠግበን የከፈልኩት ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አይበልጥም። አሳላፊዋ ለሻምበልም በትንሽ ሣህን አቀረበችለትና ሚጥሚጣ ይጨመርለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ኬላ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ ተጠየቅኩ። እንዲህ ባለ ቦታ ሻምበል የሚለውን ማዕረግ መጥራት ብልህነት ስላልመሰለኝ ለጊዜው ማዕረጉን ገፍፌ "ጦጣ ነው" አልኩ። ፈታሹ ወረቀቱን አየ፣ ሻምበልን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ በእጁ እለፍ አለኝ። ከሦስታችን በጣም የተከበረ ሰው የሚመስለው ሻምበል ነበር።

እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ቃል ከአፍ ሳይወጣ የሚያረጋ ዓይነት ነው። ትርንጎ ቀርቀሃ ጭነህልኝ ና ብላኛለች ማለት አልችልም፤ አንቱ ነው የምትለኝ፤ ብቻ ጭነውልኝ ይምጡ ብላለች። የመጠለያዋ ቤቶች ያለ ብረትና ያለ ሲሚንቶ፣ በቀርቀሃና በጭቃ ነው የሚሠሩት። ቀርቀሃ የምትሸጠው የአገው ሴት ለምን እንደምፈልገው ጠየቀችኝ። ለጦጣ ቤት ነው ስላት የመረጥኩትን ቀጥ ቀጥ ያለ ቀርቀሃ ከእጄ ተቀብላ መልሳ አስቀመጠችና ጠማማ ጠማማውን አቀበለችኝ። "ለጦጣ ከሆነ ይኼ ይበቃዋል፤ እሱ እንደሆነ መውጣት አይቸግረው" አለች። ዋጋውንም ለጠማማነቱ ቀነሰችልኝ።

ቡሬን ማለፍ

ከጥሊሊ ቁልቁል ወርዶ ቡሬ ሲቃረቡ በቆሎው ይጀምራል። መጀመሩን እንጂ ማለቁን ያየ ሰው አላውቅም። አንዱ አገዳ ላይ ወጥቶ ጣና ይታያል ቢሉኝ አልከራከርም። መኪናዬን ዳር አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ ሰው በሁለት በሬና በአንድ ጥንድ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ከመሬት ማውጣቱ ያስደንቃል። እኔ ባሕር ዳር በረንዳዬ ላይ የተከልኩት ጤና አዳም እንኳ ሦስት ጊዜ ደርቆብኛል።

ከበቆሎው በላይ ግን በየማሳው በእንጨት የቆሙ ከፍ ከፍ ያሉ ማማዎች አየሁ። በእያንዳንዱ ላይ ወንጭፍ የያዘ ሰው ተቀምጧል። የሚጠብቁት ጦጣና ዝንጀሮ ነው። የጉዞዬን ነገር ያን ጊዜ በደንብ ተረዳሁት። ጦጣ ሲያባርር ወደሚውል አገር ጦጣ ጭኜ፣ ያውም ቤት መሥሪያውን ጭምር ይዤ እየገባሁ ነው። በሣጥኑ ላይ ጋቢዬን አለበስኩና ነዳሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ማታ

ፍኖተ ሰላም ሞቅ ያለች፣ ፍሬ የሚበዛባት ከተማ ናት። ትርንጎ ከግቢዋ ዛፍ የወረደ ፓፓያ አቀረበችልን፤ ሻምበል ግማሹን በላ፣ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ተወልኝ። ጭማቂው ታሳየኝ የነበረው የመጠለያ ሥዕል ላይም ፈሰሰ፤ አበላሸብሽ ብላት ግድ አልሰጣትም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ቦታው የማይታረስ ድንጋያማ ተረተር ነው። አጥሩ ሽቦ ሳይሆን ቀጋና ቁልቋል ይሆናል። የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ይጠራቀማል፤ ከእንስሳቱ እበት ባዮጋዝ ወጥቶ ምግባቸው ይበስልበታል። ከብት ስለማይገባበት አገር በቀሉ ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከእበት ዝንብ ሲወጣ ብቻ ነው ያየሁት።

የገንዘቡን ነገር ስጠይቃት ፊቷ ጠቆረ። አንድ የውጭ ድርጅት እንረዳሻለን ብሎ መጥቶ፣ ተረተሩን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሥቶ ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እሷም የራሷን ዕቁብ ቀድማ አውጥታ የውኃ ማጠራቀሚያውን አስቆፍራለች። ቤቱ ሊሠራ ይችላል፤ በየቀኑ የሚበላው ከየት እንደሚመጣ ግን አታውቅም። "መጀመሪያ እሺ ይበሉኝ፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል" አለች።

ከሾላው ሥር

እሑድ ከትርንጎ ጋር ወደ ቡሬ ገጠር ተመለስን፤ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ትልቅ ሾላ ሥር ተቀመጠ። የሚሰበስቡት ቄስ አለሙ ናቸው። ትርንጎ ቆማ ሁሉንም በሥርዓት አስረዳች። እነዚህ እንስሳት ዱር መኖር እንደማይችሉ፣ ከግቢው እንደማይወጡ፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብተው እንደማያውቁ ተናገረች። ሰዉ በጥሞና ሰማት። አመነኝ ብላ ስትቀመጥ አያ መኩሪያ ተነሡ።

የአያ መኩሪያ ማሳ ልክ ከተረተሩ ግርጌ ነው። ለቅዳሴ አውርደውት የነበረውን ወንጭፍ መልሰው ትከሻቸው ላይ ጥለውታል።

"ልጄ" አሉ፣ "እኔ ማማ ላይ የዋልኩት ከቤቴ ከዋልኩት ይበልጣል። አባቴም እንዲሁ። ባለጋራዬን ቀለብ ቆርጠሽ ጎረቤቴ ልታደርጊልኝ ነው?"

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ከእሳቸው ጋር ነበር። ከዚያ ክርክሩ ሰፋ፤ አንዱ አነር በግ ይፈጃል አለ፣ ሌላው በቀቀን ጤፍ ይጨርሳል አለ፣ ኤሊን ብቻ የሚከስ ጠፋ። በመጨረሻ ቄስ አለሙ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና ነገሩ እንደ ደንቡ እንዲታይ አዘዙ። በዚያ አገር ሁለት ሰው ሲጣላም፣ እንግዳ መጥቶ ሲሰፍርም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋስ ነው። "እንግዳ የሚሰፍረው ዋስ ጠርቶ ነው። ጦጣዎቹም ይጥሩ" አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ወዲያው ብድግ አልኩና ዋሱ እኔ ነኝ፣ ባሕር ዳር ሱቅ አለኝ አልኩ።

"ሱቅህማ ባሕር ዳር ነው፣ ጌታው" አሉኝ አያ መኩሪያ። "በቆሎው የተበላበት ሰው ደጅ ሊጠናህ እዚያ ድረስ ይሂድ?"

ዋስ የሚሆነው እዚያው የሚያርስ፣ ጥፋት ሲደርስ ከጎተራው ሰፍሮ የሚክስ ሰው ነው። ትርንጎ ደመወዝ እንጂ ጎተራ የላትም። ቄስ አለሙ ዋስ የሚሆን አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ቀልድ የማያጥረኝ ሰው፣ ያን ጊዜ አንድም አልመጣልኝም። ወሩ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

"እስቲ ተከሳሹን አምጡት" አሉ አያ መኩሪያ።

ሣጥኑን አምጥቼ ከፈትኩና ሻምበልን በገመዱ ይዤ መሀል አቆምኩት። አያ መኩሪያ ከማሳቸው የቆረጡትን እሸት በቆሎ ከነቅርፊቱ ወረወሩለት። የዱር ጦጣ ቢሆን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ልጦ በጉንጩ ይሞላዋል፤ ይኼን እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሻምበል እሸቱን አነሣው። አሸተተው። አገላበጠው። ጫፉን ነከስ አድርጎ ተፋው። ከዚያ ዞር አለና በሁለት እጁ ለእኔ ዘረጋልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻምበል ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ብስኩት ነው። ብስኩቱ በላስቲክ ይመጣል፣ ላስቲኩን ሰው ይቀድለታል። በቆሎውንም ሰው ካልቀደደለት የማይበላ ነገር መስሎታል። ይኼንኑ ለሰዉ ተናገርኩ። ከወደ ሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን ስትመጥ ተሰማኝ።

አያ መኩሪያ ቀስ ብለው መጡና ሻምበል ፊት ቁጢጥ አሉ። ወገቡ ላይ ሰንሰለት ጠጉሩን ያራገፈበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። በዚያን ጊዜ ይነክሳቸዋል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ አልነከሳቸውም። እሸቱን ከእጄ ወሰዱና ቅርፊቱን ገፈው፣ ጸጉሩን አራግፈው መልሰው ሰጡት። ሻምበል እሳቸውን እያየ መብላት ጀመረ።

"ይኼማ ጦጣነቱን ረስቶታል" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቄስ አለሙ ዞሩ። "ዋሱ እኔ ነኝ። የዚህም፣ ወደፊት የሚመጡትም። ከዚያ ግቢ ወጥቶ የሰው በቆሎ የነካ ካለ ከእኔ ጎተራ ይሰፈር።"

አንዱ ከወደ ኋላ፣ አያ መኩሪያ ለባለጋራቸው ዋስ ሆኑ ብሎ ተረበ። "የእኔ ባለጋራ መላጥ የሚችለው ነው" አሉት።

ነገሩ አለቀ ስንል የአያ መኩሪያ ባለቤት ወይዘሮ ዘነቡ ከሴቶቹ መሀል ተናገሩ። ዋስ ተገኘ፣ ቀለብስ ከየት ነው፤ ሰውዬው በአፋቸው የሚሰፍሩት ጎተራ የእኔም ነው አሉ። ቀጥለውም አንዲት በግ በርቢ እሰጣለሁ አሉ። ርቢ በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ በጓን ባለቤቷ ትሰጣለች፣ ተቀባዩ ይቀልባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ተረተሩ ስለማይታረስ ሣር ሞልቶታል፣ መጠለያው ሐኪምም አለው። በጎቹ ሣሩ እየታጨደላቸው ይበላሉ፣ እበታቸው እሳት ይሆናል፣ የግልገሉ ግማሽ ተሸጦ እንስሳቱን ይቀልባል። ከእሳቸው ቀጥሎ አንዷ ሌላ በግ፣ አንዱ ፍየል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት የንብ ቀፎ አሉ፤ የማሩ እኩሌታ የግቢው ነው። በዓለም ላይ ስንት ጉባኤ እንደተደረገ አላውቅም፤ በጀቱን ከሾላ ሥር ሳይነሣ የጨረሰ ግን ይኼ ብቻ ነው ብዬ እምላለሁ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር ቆየች። ጫማዋ ክር የለውም።

መልስ

ማግስቱን ቀርቀሃውን አራግፈን፣ ሻምበልን ተረተሩ ላይ ካለ ጊዜያዊ ቤት አስገብተን ተመለስኩ። ሲለየኝ ያለቅሳል ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዞር ብሎም አላየኝ። መሐረቡ ግን ሥራ አልፈታም።

ባሕር ዳር ስገባ ሰንሰለቱ ከሱቄ በር ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። አውርጄ ለብረት ገዢ ሰጠሁት። ደንበኞቼ ሻምበልስ ሲሉኝ፣ ዋስ ጠርቶ ተቀመጠ እላቸዋለሁ። እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ማታ ሱቄን ስዘጋ አስበዋለሁ። በዚህች ከተማ ይኼን ያህል ዓመት ኖሬ፣ አንድ ቀን መሀል ላይ ብቆምና ዋስ ጥራ ብባል፣ ከጎተራው ሰፍሮ የሚቆምልኝ ማን እንደሆነ በስም መጥራት አልቻልኩም። እኔስ ለማን ቆሜ አውቃለሁ? ጉዞው ያስተማረኝ ይኼንን ጥያቄ ነው፤ መልሱን ገና እየፈለግኩ ነው።

በቀደም አያ መኩሪያ ደወሉልኝ። በስልክ ሲያወሩ ከማማ ወደ ማማ እንደሚጣሩት ነው፣ ስልኩን ከጆሮ ማራቅ ያስፈልጋል።

"ጌታው፣ ሻምበልህ ትናንት በቆሎውን ራሱ ላጠው" አሉኝ።

እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። በቆሎው ገና አልተሰበሰበም፤ የሚልጥ ጦጣ ከማሳቸው ጎን መኖሩ ያን ጊዜ ታሰበኝና፣ ዋስነቱን ይተዉት እንደሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

"ያን ጊዜማ ምንም አያውቅም ነበር" አሉ። "ዋስ የሚያስፈልገው አሁን ነው እንጂ።"