የማያልቀው መጣጣ አይብ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ባጃጁ ገበያው ጥግ ላይ አወረደኝ። ወተት ሻጮቹ ሴቶች ዕቃቸውን አጣጥበው እጣቢውን አቧራው ላይ ደፍተውት ነበርና፣ በፀሐይ የሞቀ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ፊቴን መታኝ። ሰው እየገፋኝ ሲያልፍ እንኳ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ አንድ በጋ ሙሉ የቤታችን ሽታ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ ጋምቤላ ወልዳ የቀረች። አባቴ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ስለሚሠራ የምናየው ቅዳሜና እሁድ ነበር። በዚያ ዓመት የእናቴ ታናሽ እህት አገር ቤት ሞተች። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ የሟችን ልጅ ይዛ መጣች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ብቻውን ሊያሳድጋት አልቻለም ነበር። ከጥቂት ልብሷ ሌላ አብሯት የመጣው አፉ በነጠላ ቅዳጅ የታሰረ ማሰሮ ብቻ ነው።

በማሰሮው ውስጥ መጣጣ አይብ ነበር። እኔ እዚህ ስላደግሁ አላውቀውም። በእናቴ አገር ባልትና አይቡ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮሰረትና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ተለውሶ ለወራት ይቀመጣል፤ ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ ሽታውም ይበረታል። ይሄኛውን ሟቿ ሳትታመም በፊት በእጇ የለወሰችው ነው። እናቴ ጨርቁን ፈትታ ስታሸተው ማሰሮውን አቅፋ አለቀሰች። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ታያት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ሌላ ምግብ እምቢ አለች። ሽሮ ቢቀርብላት አፏን ገጥማ ዞር ትላለች። ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ከሱቅ የተገዛ ብስኩትም ሞከርን። የምትበላው እንጀራ በዚያ አይብ ብቻ ነው፤ እሱንም በጥቂቱ። እናቴ ከጤና ጣቢያ ያመጣችውን የክንድ መለኪያ በየሳምንቱ ታስርላትና ቀለሙን ታያለች። መጀመሪያ አረንጓዴው ላይ ነበር። አንድ ቀን ቢጫው ላይ ሆነ፤ ከስታለች ማለት ነው። እናቴ በሥራዋ ስንት ሕፃን የለካች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን መለኪያውን ፈትታ እንደገና አሰረችው፣ እንደገናም ፈታችው።

ማሰሮው ደግሞ እየጎደለ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ያሰበችው እንደማንኛውም የቤት እመቤት ነው፤ በጥቂቱ አይብ ብዙ ማብላት። ጎመን ቀቅላ አድቅቃ ከትፋ ቀላቀለችበት። ልጅቷ አንድ ጉርሻ ቀምሳ መለሰችው። ድንችም ጨፍልቃ ሞከረች።

«ይሄ የእማ አይደለም» አለች ልጅቷ። አላለቀሰችም፤ እንዲሁ ነገረችን።

ያን ጊዜ እናቴ የእናቷን ዘዴ አስታወሰች። መጣጣ አይብ እንደ እርሾ ነው፤ ከሥሩ የተረፈው ላይ ትኩስ አይብ ጨመር እያደረጉ ቢለውሱት አሮጌው አዲሱን ይዞ ይኮመጥጣል። «አሮጌው አዲሱን ያስተምረዋል» ትል ነበር እናቴ እየለወሰች። ብቻ ለዚያ ወተት ያስፈልጋል። በበጋ የኑዌር ከብቶች ሣር ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ርቀው ስለሚሄዱ ከተማው ውስጥ ወተት ውድ ነው። ስለዚህ ከሻያችን ላይ ወተት ቀረ። ለቁርስ የምንገዛው ዳቦም ቀረ፤ እናቴ አሬራውን አሙቃ አይቡን ካወጣች በኋላ በተረፈው አጓት ቂጣ ታቦካልን ጀመር። ቂጣው ይኮመጥጥ ነበር። ልብሳችን ሁሉ አጓት አጓት ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበር ቀየረች።

ሙቀቱም ሌላ ጠላት ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ምጣድ ይሆናል። እናቴ ከጓሮው የኒም ዛፍ ሥር አስቆፍራ ማሰሮውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበረችው፤ እኔ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው ነበር፣ እንደ ችግኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እናቴም እኔም ስለምንጾም የተለወሰውን የሚቀምስ ጠፋ። አንድ ጠዋት እናቴ ወተት የምታመጣልንን ሴትዮ አስቀመጠቻት። ረጅም የኑዌር ሴት ናት፤ አማርኛዋ ጥቂት ቢሆንም አትሳቀቅበትም። እናቴ በማንኪያ ሰጠቻት።

«ቅመሺልኝማ። እንዴት ነው?»

ሴትዮዋ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በግድ ዋጠችውና እናቴን በሐዘን አየቻት።

«እናት፣ ይሄ ወተት ታሟል። በጣም ታሟል።»

እናቴ ሳቀች። እህቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋም ሳቀች፤ ልጅቷም ምኑንም ሳታውቅ አብራ ሳቀች። «ታሞ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው» አለች እናቴ ዕንባዋን እየጠረገች።

ልጅቷ ያንን በላች። «የእማ አይደለም» አላለችም። እናቴም በየጊዜው ትጨምር ነበር፤ ማሰሮውም አይጎድልም። ግን ክንዷ አልወፈረም፤ መለኪያው ቢጫው ላይ እንደተቸነከረ ቀረ። ነገሩ ለሁላችንም እንቆቅልሽ ሆነብን። የሚቀርብላትን ሁሉ ትጨርሳለችና።

አንድ ቀን እናቴ ለምሳ መጣች። ፀሐዩ ሰው የሚያስወጣ አልነበረም። ከእኔ ጋር ሆና በጓሮው በር በኩል ስናይ ልጅቷ ኒሙ ሥር ተንበርክካለች። የማሰሮውን ክዳን ከፍታ፣ ጨብጣው የነበረውን መዳፏን ዘርግታ፣ አይብ በጣቷ እየጠረገች ትመልሳለች። ከምሳዋ ላይ ደብቃ ያስቀረችው ነው። ስትጨርስ መዳፏን ላሰችና ክዳኑን በጥንቃቄ ገጠመችው።

እናቴ ቀስ ብላ ሄዳ አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው የኔ ልጅ?»

«እንዳያልቅ።»

«የእማ እንዳያልቅብሽ ነው?»

ልጅቷ አይደለም በሚል ራሷን ወዘወዘች። «የእማ አልቋል። ወተት ስትጨምሪበት አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትመልሺዋለሽ?»

«ሲያልቅ ታለቅሻለሽ።»

እናቴ ልጅቷን ወደ ጭኗ ሳበቻት። ምሳ ሳትበላ ወደ ሥራ የምትመለስበት ሰዓት አለፈ፤ እኔ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።

በማግሥቱ እናቴ ማሰሮውን ከአሸዋው አውጥታ አቆመችውና፣ «ይሄን ፋሲካ ዕለት ሁላችንም በልተን እንጨርሰዋለን። ሲያልቅ አላለቅስም፤ አንቺም እስከዚያ ሽሮ ትበያለሽ» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። ያን ቀን ከሽሮው ሩቡን በላች፤ በሳምንቱ ሙሉውን። ፋሲካ ሲደርስ መለኪያው አረንጓዴው ላይ ነበር። አባቴም ባለበት ማሰሮውን በእንጀራ እየጠረግን ጨረስነው። እናቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ሳህኑን ስታነሳ ግን ጀርባዋን ሰጥታን ነበር።

በዓመቱ የልጅቷ አባት ሚስት አግብቶ ሊወስዳት መጣ። መልካም ሰው ነው፤ የሚነቀፍ ነገር አላገኘንበትም። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። በበዓል በበዓል ትደውላለች። ባለፈው እሁድ ደወልኩላትና ያን በጋ አነሳሁባት፤ ማሰሮውን፣ ኒሙን፣ ወተት አምጪዋን። 

«አይብ? አላስታውስም እትዬ። ሙቀቱን ነው የማስታውሰው። በጣም ይሞቅ ነበር አይደል?»

ማታውን ለእናቴ ነገርኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ነገሩን በማለዘብ ልጀምር አልኩና እንዳለ ነገርኳት፤ ምንም አታስታውስም አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ተመስገን» አለች እናቴ። ሁለት ሦስት ቅጠል ቀነጠሰች። ከዚያ ጎመኑን እንዳለ ትታ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቶሎም አልወጣችም።