አሞ ፍረ አረንጓዴ የለበሰችበት ቀን

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ሙሉ ቁመና የሚያሳይ መስታወት አልነበረም። የነበረችን አባዬ ጢሙን የሚላጭባት፣ መስኮቱ ጎን በምስማር የተንጠለጠለች፣ መዳፍ የምታህል መስታወት ናት። እሷም ወይ ዐይን ታሳያለች ወይ አገጭ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታሳይም። ስለዚህ የአባዬ ታላቅ እህት ፍረወይኒ ለብሳ ከክፍሏ ስትወጣ የምትጠራው እኔን ነበር። "ሰናይት፣ ነዪ እስኪ እዪኝ!" ትለኛለች። ገመድ ዝላዬን ትቼ ግቢው መሐል የውሃ በርሜሉ አጠገብ እቆማለሁ፤ እሷ ቀስ ብላ ትዞራለች። "ከኋላ ተሰብስቧል" ካልኳት ጎተት ታደርገዋለች። "በግራ በኩል ይረዝማል" ካልኳት ታስተካክለዋለች። ሌሎች ትልልቅ ሰዎች ልጅ አፉን ሲከፍት "ዝም በይ" በሚሉበት ዘመን እሷ የእኔን ቃል እንደ ሐኪም ቃል ትሰማ ነበር።

አሞ ነበር የምላት። በትግርኛ የአባት እህት አሞ ናት። እናቴ የደሴ ሰው ስለሆነች ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ አሞ ግን በአማርኛችን መሐል አሞ ሆና ቀረች። ግቢያችን ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ትኖር ነበር፤ የምትሠራው ደግሞ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ባሏ ከጦርነት አልተመለሰም። መርዶው የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ልጅም አልነበራትም። ጥቁር ለበሰች፤ ጥቁሩ ሲነትብ ሌላ ጥቁር ገዛች። እኔ ነፍስ ሳውቅ ጥቁሩ ወደ ቡናማና ወደ አመድማ ዞሮ ነበር እንጂ ሐዘኑ ከላይዋ አልወረደም። በዚያ ሁሉ መሐል ታናሽ ወንድሟን፣ ማለትም አባዬን፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አብቅታዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ "ፍረ ጨዋ ናት" ይላታል። እንዲህ ሲሏት ፊቷ ላይ ምንም ነገር እንደማይነበብ ያኔም አስተውዬ ነበር።

አጭር ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዳሌዋ ሞላ ያለ። አርባውን አልፋ ሆዷም መጣ። "አሁንስ በር የሚገባው ሆዴ ቀድሞኝ ነው" እያለች ትስቃለች። ሳቋ ከሰውነቷ ይበልጥ ነበር፤ ከውጭ ሲሰማ ቤቱ ሙሉ እንግዳ ያለበት ይመስላል።

አንድ ቀን ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው በቁሓ የሚኖረው አናጢ አቶ ሐጎስ የካርድ ክፍሉን መደርደሪያ ሊጠግን መጣ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ለቁም ነገር ያበቃ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አሞ የምትቀመጥበት ወንበር እግሩ እንደሚነቃነቅ አይቶ ሳይጠየቅ ጠገነላት። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው ደህና ሆኖም መምጣቱን አልተወም። ቆየት ብሎ ሽማግሌ ላከ። አባዬ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ እናቴማ እልል አለች። ከፋሲካ ቀጥሎ ላለው እሑድ ቀን ተቆረጠ። የሁለተኛ ጋብቻ ስለሆነ ድንኳን አይተከልም፣ መኪና አይታጀብም፤ ዘመድ ተሰብስቦ እኛ ቤት ምሳ ይበላል፣ ይመረቃል፣ በቃ።

የቀረው የልብስ ነገር ነው።

እናቴና አሞ እኔን አስከትለው መሐል ከተማ ካሉት የልብስ ሱቆች ወደ አንዱ ገቡ። የሰቀሏቸው ቀሚሶች ሁሉ ለቀጫጭን ልጃገረዶች የተሰፉ ናቸው፤ አሞ አንዱን አንስታ ወገቡን በእጇ ለካችና "ይሄ ለአንድ እግሬ ነው" ብላ መለሰችው። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው። ትሕትና አላጓደለም፤ ግን ገና ሳትጠይቀው "እናቴ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ወዲያ ነው" ብሎ ከጥግ አንድ ሰፊ የቡናማ ቀሚስ አወረደ። እጅጌው እስከ ጣት፣ አንገቱ እስከ አገጭ፣ ወገብ የሚባል ነገር የሌለው።

እናቴ ወዲያው ወደደችው። "ክብር ያለው ነው፤ ሁሉን ነገር ይሸፍናል" አለች።

አሞ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለብሳው ወጣች። ሱቁ ውስጥ ረጅም መስታወት ነበር፤ እሷ ግን ከልማዷ ወደ እኔ ዞረች። "እሺ፣ ሰናይት?"

"አሞ፣ ጤፍ የተሞላ ጆንያ ትመስያለሽ" አልኳት።

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሻጩ ጣሪያውን አየ። አሞ ራሷን በመስታወቱ አየችና ሳቋን ለቀቀችው፤ ዐይኗ እስኪያነባ ሳቀች። ቀሚሱን አውልቃ በደንብ አጥፋ ለልጁ መለሰችለት። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ለሚደበቅ ሰው ነው። እኔ ተደብቄ ጨርሻለሁ" አለችው።

በሚቀጥለው ሰኞ እናቴን ሳንነግር ሁለታችን ዕዳጋ ሰኑይ፣ ሰኞ ገበያ፣ ወረድን። ያኔ ልባሽ ጨርቅ በየሳምንቱ በትልልቅ እስር ተጠፍንጎ ይመጣል፤ እስሩን ቦንዳ ይሉታል። ቦንዳው ሲፈታ የሚወጣው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ናፍታሊን፣ ታፍኖ የከረመ ጨርቅ፣ የማናውቀው አገር ሳሙና። ሴቶች በክርናቸው ይጋፋሉ፤ አንዱ እጅጌ በአንዲቷ እጅ፣ ሌላው በሌላዋ እጅ ሆኖ ይጓተታል። አሞ አልተጋፋችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ሌሎች የጣሉትን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ነው የምታየው፤ ስፌቱን፣ ጠርዙን፣ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ።

ከዚያ ክምር ውስጥ ነው ያወጣችው። የጌሾ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ሲይዙት እንደ ውሃ የሚወርድ ጨርቅ። ግን ቀሚሱ ግዙፍ ነበር። ሻጯ ሴትዮ ሳቀች፤ "ውይ፣ ይሄስ ለሁለት ሰው ይበቃል! ማን ይሆን የለበሰችው?" አለች።

"ማንም ትሁን፣ ጨርቅ አልሰሰተችም" አለች አሞ። ወደ እኔ ጎንበስ ብላም "ስሚ ሰናይት፣ የጠበበ ልብስ የሞተ ነው፤ የሰፋ ግን ይድናል" አለችኝ። ቀለሙን ጉንጯ አጠገብ ይዛ አሳየችኝ። ያን ጊዜ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ጠይም ፊቷ ከውስጥ መብራት እንደበራበት ሆነ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ገዛችው።

ሰፈራችን በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉ አያ ተስፋይ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ሜትራቸው ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ነው። ጨርቁን ዳሰሱና ወደዱት። "እሺ፣ ርዝመቱን አሳጥሬ እጅጌውን አስተካክዬ እሰጥሻለሁ" አሏት።

"ወገብም ይኑረው" አለች አሞ።

"ፍረ፣ በዚህ ዕድሜ ወገብ ምን ይሠራል?"

"አያ ተስፋይ፣ ወገቤ የት እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። ከደረቴ በታች ያዝ ያድርጉት፤ ከዚያ ዳሌዬ ላይ ይልቀቁት። አንገቱንም ትንሽ ይክፈቱት፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው፣ አፍኖ ከያዘው በሬ እመስላለሁ።"

እያጉረመረሙ ተቀበሏት። ስንመለስ እንዳለችው አልነበረም፤ ፈርተው ወገቡን ልል አድርገውታል። "እዪኝ" አለችኝ። "መሐሉ ላይ ያበጠ ይመስላል" አልኩ። አያ ተስፋይ ከመነጽራቸው በላይ አፈጠጡብኝ፤ "ደሞ ይቺ ማን ናት?" አሉ። አሞ ግን አልተቆጣችም፣ አላፈረችምም። እንደገና ለብሳ፣ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ቦታውን አሳየቻቸው፤ መርፌ ተደረገበት፤ እንደገና ተፈታ፤ እንደገና ተሰፋ። በመጨረሻው ልኬት ከመጋረጃዋ ስትወጣ አያ ተስፋይ መነጽራቸውን አወለቁ። አንድ ዙር ዞሯት። "ዋይ ፍረ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

ከሠርጉ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ለብሳ ለቤተሰቡ አሳየች። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ወዳዋለች፣ ግን አባዬን ትፈራለች። አባዬ ከሥራ ገብቶ ገና ኮቱን አላወለቀም። ቆሞ አያት።

"ፍረ፣ ይሄን ነው ነገ የምትለብሺው?"

"አዎ።"

"እንግዶቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች አሉ። በዚህ ዕድሜሽ ሰው ምን ይላል? ብላ ለራስህ፣ ልበስ ለሰው ይባል የለ?"

አሞ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አንተ ስትመረቅ ጥቁር ለብሼ ነው ያጨበጨብኩት። ስትሞሸር ጥቁር ለብሼ ነው እልል ያልኩት። ይቺ ልጅ ክርስትና ስትነሳም እንደዚያው። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ለብሻለሁ። ነገ ለራሴ እለብሳለሁ" አለችው።

አባዬ ወጥቶ ሄደ። እራትም ላይ አንገቱን አቀርቅሮ በላ። እናቴ ከአሁን አሁን አንድ ነገር ይናገራል ብላ ፊት ፊቱን ታየው ነበር። እኔ የፈራሁት ነገ ከክፍሉ እንዳይወጣ ነው። ወንድሟ ተነስቶ "እነሆ እህቴ" ካላለ ጉባኤው እንዴት ይሆናል?

እሑድ ዘመዱ ተሰበሰበ። ወንበር ከጎረቤት መጣ፤ የጠላው ሽታ፣ የዶሮው ወጥ፣ ግቢው በሙሉ ቄጠማ። አባዬ ወጥቷል፤ ግን ፊቱ ጠጣር ነው። አሞ ከክፍሏ ስትወጣ ወሬው ቀጥ አለ። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ በእግሯ ዝቅ ያለ ጥቁር ጫማ፤ ያ አረንጓዴ ደግሞ በእርምጃዋ ልክ ይወዛወዛል። አልተቸኮለችም። ሰፊ ትከሻዋን ቀና አድርጋ በመሐላቸው አለፈች። ያን ጊዜ ነው አንድ የአባዬ አጎት፣ ከሁሉም ሽማግሌ የሆኑት፣ ለጎረቤታቸው የሚያወሩ መስለው ሁሉም እንዲሰማ "ኧረ ይሄ ቀለም አልበዛም? እሷ እኮ የትናንት ልጅ አይደለችም" ያሉት።

የአሞ እርምጃ ለቅጽበት ሲገታ አየሁ።

አባዬ ከመቀመጫው ተነሳ። "አባ" አላቸው በአክብሮት፣ "ጥቁሩን ያን ሁሉ ዘመን ስትለብስ በዛብሽ ያላት ሰው ነበር?"

ሽማግሌው ከዘራቸውን አገላበጡ፤ ቆይተው "እሱስ እውነትህን ነው" አሉ። አባዬ ሄዶ እህቱን በክንዷ ያዛትና አቶ ሐጎስ ወደተቀመጠበት አደረሳት። አቶ ሐጎስ ያው የማይናገር ሰው ነው፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አያትና በትግርኛ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፤ "ጽብቕቲ!" ቆንጆ ማለቱ ነው። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ የእናቴ እልልታ ከሁሉም ረዘመ። አሞ በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ጭና ቁሓ ገባች፤ እሱ እስኪሞት ድረስም በደስታ ኖሩ። የሰፈራችን ሴቶች ደግሞ ከዚያ ወዲያ አያ ተስፋይ በረንዳ ላይ ተሰልፈው "እንደ ፍረ ያድርጉልኝ" ሲሉ ከረሙ። አያ ተስፋይም "እንደ ፍረ የሚባል የለም፤ አንቺ ወገብሽ የት ነው?" እያሉ ይመልሱላቸው ነበር።

ዛሬ እኔ የአሞን የያኔ ዕድሜ ልይዝ ተቃርቤአለሁ። ሰውነቴ በፊት ከማውቀው ሌላ ሆኗል፤ ወገቤ ቦታ ቀይሯል፣ ክንዴ ወፍሯል። ከተማችን ውስጥ ሓወልቲ በሚባለው አካባቢ ያሉት ሱቆች ያኔ ያልነበረውን ሁሉ ይዘዋል፤ ከጣሪያ እስከ ወለል መስታወት፣ ደማቅ መብራት፣ ከየአገሩ የመጣ ቀሚስ። ሻጮቹ ልጆች ግን ያው ናቸው። "ማዘር፣ ይሄ ያቀጥንሻል" ይሉኛል፣ ጥቁር ሰፊ ነገር እያወረዱ። አልቀየማቸውም። በቅርቡ ባለፈው ጦርነት ክፉ ዓመታት እኔም እንደ ብዙው የከተማችን ሴት ጥቁር ለብሻለሁ፤ ጥቁር ምን እንደሚያቀጥንና ምን እንደማያቀጥን ከእነሱ በላይ አውቃለሁ። አመስግኜ እወጣለሁ፤ የምፈልገውን የማገኘው አንዳንዴ ከልባሽ፣ አንዳንዴ ከጨርቅ ቤት ነው። የቢሮ ጓደኞቼ "ይሄን ከየት አመጣሽው? ስንት ወጣበት?" ሲሉኝ ዋጋውን ሰምተው አያምኑኝም።

በቀደም አንድ የብርቱካን ቀለም ያለው ጨርቅ ይዤ ቁሓ መንገድ ላይ ወዳለ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ በአንድ ጆሮው ሙዚቃ ይሰማል። የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚለቀቅ፣ አንገቱ ምን ያህል እንደሚከፈት ነገርኩት። ልጁ ሁሉን በጠመኔ ምልክት አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

"ለሠርግ ነው፣ ለምርቃት?" አለኝ። "ቀኑን ንገሪኝና እንዳላዘገይብሽ።"

ያኔ አሞ አንድ ቀሚስ በልኳ ለመልበስ ዘመድ ሁሉ የተሰበሰበበት አንድ ቀን ያስፈልጋት ነበር፤ ያንንም ቀን ብዙ ጠብቃለች። እኔ ግን የሚጠራኝ ድግስ የለም፤ ከቢሮዬና ከሻይ ቤት በቀር የምሄድበት የለኝም።

"ለማክሰኞ ነው" አልኩት።