ከካሴቱ የተረፈው

ከከተማችን የግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ የድሮ ካሴት ወደ ስልክ የምገለብጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ቀን ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ የወረዱ አዛውንት ካሴት በሻሽ ጠቅልለው መጡ። ሟቿ ጅዳ ይሠራ ለነበረው ልጃቸው መልእክት የቀዱበት ነው። ከእሳቸው የቀረ ሌላ ድምፅ የለም።

አዛውንቱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁልፎቹን በጣታቸው ከለመዱት አሮጌ ስልክ በቀር ሌላ አይሆንላቸውም። የስልኩ ሚሞሪ ማስገቢያ ግን ተሰብሯል፤ በውስጡ የሚይዘው ጥቂት ነው። ካሴቱ በሙሉ እንዲገባ ብዬ ጥራቱን እስከ ታች አወረድኩት። ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ጥቂት ሰምተው ስልኩን መለሱልኝ።

«ይቺ እሷ አይደለችም» አሉ።

ጥራቱን ከፍ አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ድምፅ ትንሽ ቦታ እንዲይዝ ሲጨመቅ ሿ የሚል ጩኸት ይጨምራል፤ ፕሮግራሙ ያንን ጩኸት ወዴት እንደሚገፋው ያስመርጣል። ከንግግሩ አርቄ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ገፋሁት። የእኔን ጆሮ ይበሳል። እሳቸው ግን ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የሰሙት ባለቤታቸውን ብቻ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እስኪያልቅ አዳመጡ።

በዚህ ጥራት የሚገባው ግን ከካሴቱ ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። የትኛው ይግባ ብዬ ጠየቅኳቸው። የጎረቤት ሰላምታ አለ፣ የማሳው ወሬ አለ፣ ለልጁ የተደረገ ዱዓ አለ። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ ባላቸውን «ና፣ አንተም አንድ ቃል በለው» ይሏቸዋል። ባልየው ከሩቅ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰላም በይልኝ» ይላሉ። እንደገና ይጠሯቸዋል፤ አይመጡም።

«ዱዓውን እኔ አደርግለታለሁ» አሉ። «እኔን የምትጠራበትን አስገባልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲያልፉ አያቸው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰው መጡና ድምፁ ጠፋ አሉኝ። ስከፍተው ድምፁ ሱቁን ሞላው። የጠፋው የጆሯቸው መስማት ነበር። ልነግራቸው ብሞክርም አልሰሙኝም። ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስያዝኳቸው፤ ንዝረቱ ሲሰማቸው ቀና አሉ።

«እየተናገረች ነው?»

አዎ ለማለት እጃቸውን ጨበጥ አደረግኩላቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳይዘጉት ኪሳቸው ከተቱትና ወደ በሩ አቀኑ። ከኪሳቸው ውስጥ ባለቤታቸው እየጠሯቸው ነበር።