ከአንድ አንደኛ

እትዬ አስካለ ያዋረደችኝ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ካዛንቺስ በነበረው ቤታችን፣ በሐዋርያት ጾም ፍቺ ዕለት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። ያኔ «አንቱ» እያልኩ ነበር የማናግራት። አሁን አልልም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ኡራኤል አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ያጋጠመኝ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሶልያና ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ኬክ ትበላለች። ዘንድሮ የተማረችው ቤቷ ሆና በኮምፒውተር ነው። እናትየው፣ ሳልጠይቃት፣ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልላከቻት ልታስረዳኝ ስትጀምር ልጅቷ አላስጨረሰቻትም፤ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ዘንድሮ በጣም ደስ ያለኝ ባዮሎጂ ነው። ማለቴ፣ ሂስትሪም አሪፍ ነበር፤ ግን ባዮሎጂ በቃ ሌላ ነው!»

ክሬሙ ከንፈሯ ላይ እንዳለ ስለ እንቁራሪት ልብ ታወራልኝ ጀመር። እጆቿ ዝም አይሉም። ስትጨርስ «እርስዎስ ልጅ ሆነው ምን ትምህርት ይወዱ ነበር?» አለችኝ።

«ረስቼዋለሁ» አልኳት። አልረሳሁትም። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

እኔም አንድ ዓመት ቤቴ ነው የተማርኩት፤ ግን መርጬ አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል በገባሁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ እየተማርን ሳለ፣ ጣለኝ። ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ። አንድ እግሬ ጫማ የለውም፤ ልጆቹ ግድግዳውን ተጠግተው ያዩኛል። የበሽታውን ስም በሰፈራችን በግልጽ የሚጠራው አልነበረም፤ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው። ሲደግመኝ ዳይሬክተሩ አባቴን አስጠርተው፣ ልጆቹን ስለምታስደነግጥ እስኪሻላት ቤት ትቆይ አሉት። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ አባቴ ሐኪም ቤት። ከገና በኋላ ጥሎኝ አያውቅም። እናቴ ጸበሉ ነው ትላለች፤ አባቴ ክኒኑ ነው ይላል፤ ሁለቱም እስኪሞቱ በዚህ አልተስማሙም።

አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና «እህ፣ ተማሪ ቤቱ ተከፍቷል?» ይለኛል። እንግሊዝኛ እጠላ ነበር፤ እሱም የሚችለው በደብዳቤ የሚጻፈውን ብቻ ነው። የምወደው ጂኦግራፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የጣለውን ትልቅ ካርታ ጠቅልሎ አምጥቶ የመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ለጥፎልኛል። ቀን ብቻዬን ስሆን ወንዞቹን በጣቴ እከተላለሁ። አብዛኞቹ ትልልቅ ወንዞች ከአገር ወጥተው ይሄዳሉ፤ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ይቀራል። ይህንን ሳውቅ ምን ያህል እንደተገረምኩ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ቀጥሎ ጂኦሜትሪ። ግቢያችን ውስጥ ምስማር ተክዬ፣ ክር አስሬ፣ በእንጨት ጫፍ እየዞርኩ ክብ እሠራለሁ። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ያጠፋብኛል፤ ሲያባራ እንደገና እሠራለሁ። በዚያ ዓመት ከበር መውጣት አይፈቀድልኝም ነበር፤ ግን አሰልቺ ዓመት ነበር ብል ውሸት ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አባቴ ዳይሬክተሩን ሄዶ ለመነ። ከጓደኞቿ እኩል መሆኗን የሚመሰክርላት መምህር ካለ መስከረም ላይ ስምንተኛ ትገባለች አሉት። ካልሆነ ግን እዚያ ትምህርት ቤት ቦታ የለኝም። እትዬ አስካለ ደግሞ ቂርቆስ በሚገኘው በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። የእሷ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አባቴ ለፍቺው ምሳ ጠራት። የምትጠይቀኝን ሁሉ እመልስላት ዘንድ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ።

ዕለቱ ዝናብ ነበር። እናቴ በግ ጠብሳ፣ ምንቸት አብሽ ሠርታ፣ ጭቃው እንዳያስቸግር ከበሩ እስከ ቤቱ ጆንያ አንጥፋለች። እትዬ አስካለ ከልጇ ከዳዊት ጋር መጣች። ዳዊት እኩያዬ ነው። ገና ጃንጥላዋን ሳታጥፍ «ዳዊትዬ፣ እስቲ ካርድህን ለአጎትህ አሳይ» አለችው።

በእኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ ዘመድ ልጅን የሚጠይቀው ምን እንደተማረ አይደለም፤ ስንተኛ እንደወጣ ነው። ጠይቆ፣ ከስንት ልጅ መካከል እንደሆነም አጣርቶ፣ ወይ ይስምሃል ወይ ዝም ይልሃል። ዳዊት ከአርባ ስምንት ልጅ ሦስተኛ ወጥቷል። አባቴ ግንባሩን ሳመው፤ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶም ሸለመው።

ትሪው ቀርቦ መብላት ከጀመርን በኋላ እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ የኔ እመቤት? ስንተኛ ወጣሽ?»

ካርድ እንደሌለኝ ከማንም በላይ ታውቃለች። አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ሊያድነኝ ብሎ፣ «አንደኛ ናታ!» አለ።

«ከስንት?»

አባቴ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «ከአንድ።»

«ከአንድ አንደኛ!» ጉርሻዋን እንደያዘች ወደ ኋላ ተንጋለለች። «ውይ አንተ ሰውዬ፣ ገደልከኝ! ታዲያ እንኳን ሁለተኛ አልሆነች!»

ዳዊት ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የእኔ ሳቅ ይሰማ ነበር መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እትዬ አስካለ የሳቅ ዕንባዋን ከጠረገች በኋላ «እሺ፣ የትኛውን ትምህርት ወደድሽ?» አለችኝ። ሳቁ አለፈ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ገባን ብዬ ቀና አልኩ።

«ጂኦግራፊ… ጂኦሜትሪም። እትዬ ያውቃሉ፣ አዋሽ እኮ ባሕር ሳይደርስ—»

«ጂኦግራፊ!» ወደ አባቴ ዞረች። «ሰው ሳይይዛት ከግቢ የማትወጣን ልጅ አገር ስታዞራት ከረምክ? ምነው ወንድሜ! ወጥ መሥራት ብትማር አይሻላትም?»

«እትዬ፣ አንቺ ለዳይሬክተሩ አንድ ቃል ብትነግሪልን…» አለ አባቴ።

«እኔ እዚያ ግቢ የተከበርኩ ሰው ነኝ። የወንድሜ ልጅ ናት ብዬ አስገብቼ፣ በወደቀች ቁጥር አረፋዋን ልጠርግ ነው?»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከገና ወዲህ አልጣላትም እኮ» አለች።

«እሰየው። እንግዲያው ከቤት አታውጧት።»

አባቴን አየሁት። ዓመቱን ሙሉ ያስተማረኝ፣ የማውቀውን ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ጥብሱን በእንጀራ ጠቀለለና፣ «ወጡ ቀዘቀዘ እኮ እትዬ፣ በሞቴ» ብሎ አጎረሳት።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። «ከአንድ አንደኛ» ግን ስሜ ሆኖ ቀረ። ዳዊት በሠርጌ ዕለት ሳይቀር በማይክሮፎን ጠርቶኝበታል፤ ዘመዱ ሁሉ አጨበጨበ።

ቤቱ ዛሬ የለም። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ትሪው ቀርቦበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን መኪና ይሂድበት ሰው ይሂድበት መለየት አልችልም። ነገሩን ያወራሁላቸው ጥቂት ሰዎች ቀልድ እኮ ነው ይሉኛል። ቀልድ መሆኑማ መች ጠፋኝ፤ ስቄበታለሁ። በበሽታው ያፈርኩት ድሮ ቀርቷል፤ አባቴንም ድሃ ወንድም በታላቅ እህቱ ፊት ምን አቅም አለው ብዬ ትቼዋለሁ። ያልተወኝ ያቺ ሳቄ ናት። አንዲት ልጅ የምትወደውን ትምህርት አፏን ሞልታ ስትናገር ባየሁ ቁጥር ታሳፍረኛለች።

ያን ጊዜ ፍቺው ባለፈ ማግሥት አባቴ ጠረጴዛው ጋ ሲቀመጥ «ራሴ አነባለሁ» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። በሁለተኛው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በግል ተፈትኜ አለፍኩ። ውጤቱን የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ በስተርጅናዋ ታማ እዚሁ አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ዳዊት ቤት ተኛች። የወንድሜን ልጅ ጥሩልኝ ብላለች ብሎ ደጋግሞ ላከብኝ። አልሄድኩም። ስትሞትም ድንኳኑ የተተከለው ከቤቴ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም።