በጾም ጠዋት የተመረጠች ቲማቲም

«ጮቄ ላይ ደመና፣ ዓባይ ላይ ጉሙ፣
እኔን የሚያመኝስ… እህም… እህም፣ እህሙ…»

ከዚህ ወዲያ ያለውን ሥራነሽ አታውቀውም። ድሮ፣ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ደምበጫ አጠገብ በአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ የሰማችው ነው። ዘፋኙ ስንኙን ሊጨርሰው ሲል ሴቶቹ በእልልታ ዋጡት፤ የሚያመው ነገር ምን እንደሆነ ሳትሰማ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት መጥቶ ሄደ፤ እሷ ግን ያቺን ጎዶሎ ዘፈን ይዛት ትኖራለች። ችግኝ ስታዛውር ታንጎራጉራታለች፣ ውሃ ስታጠጣ ታንጎራጉራታለች፤ ሰው ያናደዳት ለታ ደግሞ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። በዚያ ሰሞን ድምጿ ችግኝ የምታፈላበትን የላስቲክ ቤት አልፎ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር።

ያናደዳት እንዳላማው ነው። እንዳላማው ከአዲስ አበባ የሚመጣ የዘር ሻጭ ነው፤ ጫማው ሹል፣ ፈገግታው ዝግጁ፣ ከብብቱ የሚያብረቀርቅ የሥዕል መጽሐፍ የማይጠፋ ወጣት። በመጽሐፉ ላይ ያሉት አዳዲስ አበቦችና አትክልቶች ከሙሽራ ይልቅ የተኳሉ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በደጀን መንገድ ዳር ላስቲክ ቤት ተክለው በማኅበር ለሚያመርቱት ሰዎች አዲስ ዝርያ ሊያስለምድ ነው የሚመላለሰው። በመጀመሪያው ቀን ለሥራነሽ ያሳያት ጽጌረዳ ነበር።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ይህቺ ተቆርጣ ስንት ቀን ብትቀመጥ አትጠወልግም» አላት።

ሥራነሽ አበባዋን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አሸተተች። ገለበጠችና እንደገና አሸተተች።

«ሽታዋስ?»

«ሽታ የላትም። ዕድሜዋን ሲያረዝሙት ሽታዋ ቀረ።»

«እንግዲያማ ሬሳ ናት በለኛ!» አለችው። «ሬሳም መድኃኒት ከወጉት ሳይጠወልግ ይቆያል። ሂድ፣ ውሰድልኝ፤ ጎረቤት ሳያይ።»

ሥራነሽ እንዲህ ናት። አባቷ ጤፍና ገብስ እንጂ ሌላውን ሰብል የማይሉ ሰው ነበሩ፤ ቲማቲምን «ቀይ ሣር» ነበር የሚሏት። ሥራነሽ ምላሷን ከእሳቸው ወረሰች፣ ሣሯን ግን ወደደቻት። ጋሪ ነጂው ባሏ ታሞ ከሞተባት በኋላ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ሸራ ዘርግታ አትክልት ስትሸጥ ኖረች። የእሷ ደንበኞች ቲማቲም በዓይን አይገዙም፤ አንዷን ይገምጧታል፣ ከዚያ ዘንቢላቸውን ይከፍታሉ። ማኅበሩ ሲመሠረት ደግሞ የችግኙን ቤት ሰጧት። የሌላው ሰው ችግኝ አንገቱን ሲደፋ የእሷ ቀና ይላል። ለሰው የከፋችውን ያህል ለቅጠል ትራራለችና ነው። ጠዋት ጠዋት የጮቄ ንፋስ ውጭውን ሲገርፈው፣ እሷ ውስጥ በላብ ከራሰው ላስቲክ ሥር፣ ጠብታው ከላይ ትከሻዋ ላይ እየወረደ፣ ጣቷን በችግኙ ትሪ ላይ ስታመላልስ ላያት ሰው፣ ሕፃናት የምታስተኛ ትመስላለች። ቀና ብላ አፏን እስክትከፍት ድረስ።

እንዳላማው ከአበባው ሲያልፍ ቲማቲም አመጣ። አንዷ «ልዕልት» ትባላለች። መጽሐፉ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ አላት፣ ከነዘውዷ። ቆዳዋ ወፍራም ነው፣ ክቧ እኩል ነው፣ ከመኪና ላይ ብትወድቅ ተነስታ የምትሄድ ይመስላል። ሌላዋ በዚያው ካርቶን ጥግ የመጣች፣ ስም እንኳ ያልወጣላት ናት፤ በከረጢቷ ላይ «ሰባት» የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። ሥራነሽ ሁለቱንም ጎን ለጎን ተከለቻቸው፣ በሲባጎ አቆመቻቸው፣ ቅርንጫፋቸውን ለቀመች። ሰባት ቁጥር ስትቀላ፣ ሥራነሽ የመጀመሪያዋን የገመጠች ቀን ቆማ ቀረች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሌላ ገመጠች። የዚያን ቀን ማንንም አልሰደበችም ይባላል።

ነገሩ ግን የጣዕም ብቻ አልነበረም። ማኅበሩ ከሁለቱ አንዷን ለሁሉም ላስቲክ ቤት ሊመርጥ ነው። ልዕልት በዘር አትሸጥም፤ ችግኟ እዚያው አዲስ አበባ በእንዳላማው ኩባንያ ተፈልቶ በመኪና ይመጣል። ልዕልት ከተመረጠች የሥራነሽ የችግኝ ቤት ይዘጋል። በዚህ ዕድሜዋ ሸራዋን አንጥፋ ወደ ገበያ አቧራ መመለሷ ነው። ሰባት ቁጥር ከተመረጠች ግን ዘሯ በከረጢት ይመጣል፣ የሚያፈላው የሥራነሽ እጅ ነው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የምርጫው ቀን ይቆረጥ ሲባል እንዳላማው፦

«ቅዳሜ ጠዋት ብናደርገውስ? ቅዳሜ ሰው ይቀምሳል» አለ።

ይህን ሲል በእጁ ብስኩት ይዞ ነበር። ገና ረፋድ ነው፤ ቅዳሴ እንኳን ሊወጣ አልገባም። ሥራነሽ ብስኩቱን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ብስኩቱን አየች።

«ቅዳሜ ገበያ ነው። ዓርብ ይሁን» አለች። «ደግሞ ቲማቲም ለማየት አፍ ምን ይሠራል? ዓይን የለንም? አንተ እንደሆንክ አፍህን ካልከፈትክ አታይም መሰለኝ፤ ጦም ይፍታህ፣ ልጄ!»

ሰው ሳቀ። እንዳላማው ብስኩቱን ኪሱ ከተተ። ዓርብ ተባለ።

ዓርብ ጠዋት አባላቱ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ከዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያልፉ መጡ። ሰብሳቢው የኔታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ አንዷን የላስቲክ ቤት ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚያለሙ። የተሰበሰበው ሁሉ እህል ውሃ ያልቀመሰ ነው። ጠረጴዛ ላይ ኮባ ተነጥፏል፤ በቀኝ ልዕልት፣ በግራ ሰባት ቁጥር።

ሥራነሽ ቀረብ ብላ አየቻቸው። ልዕልት ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ተሰልፋ ቆማለች፤ ፀሐይ ስትነካት መስታወት ትመስላለች። ሰባት ቁጥር ደግሞ ማለዳ ተለቅማ ትከሻዋ ተሰንጥቋል፣ አንዷ ትንሽ፣ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ደክሟት ወደ ጎን ጋደል ብላለች። ይባስ ብሎ አንዷ ተንከባለለችና አበረ እግር ላይ ወድቃ ፈረጠች። አበረ ምርቱን በደጀን በኩል በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ፣ የማኅበሩ ቀልደኛ ነው።

«ኧረ ይህቺማ ዓባይ በረሃን ሳትወርድ ድልህ ሆና ትደርሳለች!» አለ ጫማውን እያራገፈ።

ሁሉም ከት ብሎ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ልዕልትን አንስተው ጫን አደረጓት፤ ንቅንቅ አላለችም። «ወንድ ናት!» አሉ። ሌላው መዘናት። ሌላው እንደ ኳስ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ቀለባት። የተማረው ያልተማረው፣ ሽማግሌው ጎልማሳው፣ የሚበላ ነገር ፊቱ አስቀምጦ እንደ ድንጋይ ያገላብጠዋል። ጥርስ የሌለው አገር ቢኖር እንዲህ ነው ቲማቲም የሚመርጠው።

ሥራነሽ አላስቻላትም። «እስቲ ግድ የላችሁም፣ አንዷን እንኳ ቀምሳችሁ…»

«ምን?» አለ አበረ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «በዓርብ? በሁዳዴ? በዚህ ሰዓት? አንቺው አይደለሽም እንዴ ‹ዓይን የለንም ወይ› ያልሽው! ይኸው ዓይናችንን ይዘን መጣን!»

አሁን የሳቀው እንዳላማው ነበር። ቀስ ብሎ፣ ወደ መጽሐፉ አቀርቅሮ።

እጅ ወጣ። የኔታ ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና፦ «እንግዲህ ልዕልት ሆናለች፤ ለበጎ ያድርገው» አሉ። «አሁን ወደ ቅዳሴያችን።»

ሥራነሽ ብቻዋን ቀረች። ስድቡ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ የሚሰደበውን ስትፈልግ ግን ራሷን አገኘች። አበረን እንዳትሰድብ የመለሰላት የራሷን ቃል ነው። ልጁን እንዳትሰድብ ቅዳሜ ይሁን ብሏታል። ወደ ችግኝ ቤቷ ገባች። ባዶዎቹ ትሪዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው እሷን ይጠብቃሉ፤ ላስቲኩ በንፋሱ ይተነፍሳል። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያም «ምን ያስለቅስሻል፣ ደደብ!» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች።

ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ስትል፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በር መውጣት ጀመረ። ከንፈሩ የደረቀ፣ ጉልበቱ የዛለ፣ ሆዱ ቤቱ ቀድሞ የገባ ሕዝብ። ሥራነሽ ከበሩ ማዶ፣ ከጽዱ ሥር ቆማለች። ከፊቷ ሁለት ትልልቅ ሳህን፤ በሁለቱም የቲማቲም ፍትፍት። እንጀራው አንድ፣ ቃሪያው አንድ፣ ሽንኩርቱና ሎሚው በልክ። ልዩነቱ ቲማቲሙ ብቻ ነው።

«የኔታ!» አለች። «ማኅበረተኛውን ያቁሙልኝ።»

«ምን ሆንሽ፣ ሥራነሽ?»

«ጠዋት ዓይን ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜውንም የከለከልኩት እኔ ነኝ። ልጁን አላገጥኩበት፤ እሱ ልክ ነበር፣ አፌን መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን ጾሙ ተፈቷል። ብሉና ከዚያ የፈለጋችሁትን ምረጡ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሥራነሽ ጥፋቷን ስታምን ያየ አልነበረም፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ማየቱን የሚያምነው አይመስልም።

አበረ ሳህኑን አሸተተ። «መድኃኒት አላደረግሽበትም?»

«ለአንተ መድኃኒት አይበጅህም፤ ብላ!»

የኔታ ባረኩ። ከዚያ እጅ በእጅ ላይ ሆነ። መጀመሪያ ከሁለቱም ሳህን እኩል ይጎርሱ ነበር። ቀስ እያለ ግን ልዕልት ያለችበት ዙሪያ ሳሳ፣ በሰባት ቁጥር ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት መጣ። የኔታ ሳይቀሩ ቆባቸውን ጠበቅ አድርገው ዘለቁ። አንድ ሽማግሌ መረቁን በእንጀራ እየጠረጉ፦ «እኔማ ቲማቲም ጣዕም እንዳለው ረስቼው ነበር» አሉ፤ ጠዋት ልዕልትን «ወንድ ናት» ያሉት እሳቸው ነበሩ።

እንዳላማውም ሊሰናበት መጥቶ ኖሮ፣ ሲጎትቱት ተቀመጠ። የእሱም እጅ ወዴት እንደሄደ ሥራነሽ አየች።

«ልጄ፣ እንዴት ነው?» አለችው። «ዘውድ የጫነችውን ትተህ ስም ከሌላት ጋር ምን ይዞህ?»

«ርቦኝ ነው፣ እትዬ» አለ አፉን ሞልቶ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

የኔታ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ። «ጠዋት የመረጥነው ሳንበላ ነው። አሁን በልተናልና እንድገመው።»

አበረ አልታጠፈም። «እኔ የምሸጠው ለአይሱዙ ነው» አለ። «አይሱዙ ምላስ የለውም። ልዕልቴን አልሰጥም።» እንደ እሱ በመኪና የሚልኩ ጥቂቶች ከእሱ ጋር ቆሙ። የቀረው ግን እጁን ለሰባት ቁጥር አወጣ፤ ገና ዘይት ያልለቀቀው እጁን። የችግኝ ቤቱ እንደ ቀድሞው በሥራነሽ እጅ እንዲቆይ፣ አበረና ጓደኞቹ ችግኛቸውን በራሳቸው እንዲያስመጡ የኔታ ተናገሩ።

«ታዲያ በሉ፣ ምን ትገተራላችሁ!» አለች ሥራነሽ። «ጠዋት እንደ ዕውር ስትዳብሱ ዋላችሁ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሠርገኛ። ሂዱ፣ ቤታችሁ ግቡ!»

እየሳቁ፣ እየመረቋት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በመንገዱ ተበተኑ። ከሄዱ በኋላ መራቧ ታወቃት። ቀኑን ሙሉ ስትከትፍ፣ ስትፈተፍት፣ ስታቀርብ እሷ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ጽዱ ሥር ቁጭ አለች። እጇን ታጠበች። የሰባት ቁጥር ሳህን ተጠርጎ ነጭ ሆኗል፤ የተረፈው የልዕልት ነው፣ ከግማሹ በላይ። ያን ሁሉ ጊዜ ስታቃልላት ከርማ አንድ ቀን እንኳ በአፏ አስገብታት አታውቅም።

አማተበች። ቆንጠር አድርጋ ጎረሰች። አላመጠች፣ ቆም አለች፣ እንደገና አላመጠች።

«ጨው ያንሳታል» አለች። ነስነስ አደረገችባትና ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ መብላት ጀመረች።